አዲስ አበባ ላይ የዕለት ባንክ መምረጥ፦ የትኛው ባንክ ለምን ይሆናል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ገብቶ ሒሳብ ለመክፈል ስልኩን ያወጣ ሰው ከባለሱቁ የሚሰማው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ንግድ ባንክ አለህ?» ቀጥሎ «ቴሌብርስ?» ይመጣል። የግል ባንኮቹ ስም የሚነሣው ሁለቱም ሲጠፉ ነው። አዲስ የሒሳብ ደብተር ለማውጣት የሚያስብ ሰው ስለ ወለድና ስለ ማስታወቂያ ከማውራቱ በፊት በዚህች ጥያቄ ላይ ትንሽ ቢቆይ ይጠቀማል። የዕለት ባንክ የሚመዘነው ገንዘቡ በተፈለገበት ሰዓት በተፈለገው ሰው እጅ በመድረሱ ነው፤ ማስቀመጡንማ ሁሉም ያውቁበታል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለአዲስ አበባ ኑሮ አንድ ባንክ አይበቃም፤ ሁለት ይበቃል፤ ከሦስት ካለፈ ትርፉ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ደብተር ነው። አንዱ ንግድ ባንክ ይሁን። ሌላው ከቤት ወይም ከሥራ ቦታ በእግር የሚደረስበትና አፑ የማያስቸግር የግል ባንክ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ምርጫ ላይ ነው። አጎቱ አክሲዮን ስላለው፣ ወይም የቅርንጫፉ ሠራተኛ የሰፈር ልጅ ስለሆነች ይከፍትና ከሦስት ወር በኋላ ካርዱን እንኳ ሳይወስድ ይተወዋል።

ንግድ ባንክ፣ ወደዱም ጠሉም

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨርሶ መተው የሚችል የከተማው ነዋሪ ጥቂት ነው። በ20/80 እና በ40/60 የቤት ፕሮግራም የተመዘገበ ሰው የሚቆጥበው እዚያ ነው፤ ቤቱ ደርሶት ዕዳ የሚከፍለውም እዚያው። የብዙ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደመወዝ የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። ቤት አከራዩም፣ የጉሊት ነጋዴዋም፣ የራይድ ሹፌሩም ከ1000 የሚጀምረውን ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ወይ በቃላቸው ይዘውታል ወይ ካርቶን ላይ ጽፈው ሰቅለውታል። በዚያው ባንክ ውስጥ የተላከ ብር ወዲያው ይገባል፤ ክፍያውም ወደ ሌላ ባንክ ከመላክ ያንሳል። ኢንተርኔት በጠፋ ቀን *889# በተራ ስልክ ይሠራል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሞባይል ባንኪንጉና ሲቢኢ ብር (*847#) ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የባንክ ሒሳባችሁን የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ሁለተኛው በስልክ ቁጥር የሚታወቅ ለብቻው የቆመ ቦርሳ ነው። «በስልክ ቁጥሬ ላክልኝ» ያለ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቁ መላክ ገንዘቡን ካልተፈለገበት ቦታ ያስቀምጠዋል። አይጠፋም፤ ግን ተቀባዩ ሒሳቡን እያየ «አልደረሰኝም» ይላል።

ድክመቱም የዚያው ግዝፈቱ ነው። ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንትና በበዓል ዋዜማ ወረፋው ከበር ይወጣል፣ ኤቲኤሙም ቶሎ ይራቆታል። ከሁሉ በላይ የሚታወሰው መጋቢት 2016 ዓ.ም. የደረሰው ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ በተፈጠረ የሲስተም ችግር ደንበኞች ከተቀማጫቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን በኋላ አስታውቋል። በማግስቱ ቅዳሜ አገልግሎቱ ለሰዓታት ቆመ። ያን ቀን ሌላ ባንክ ያልነበረው ሰው ኪሱ ውስጥ ባለው ብቻ ዋለ። ሁለተኛ ባንክ ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ዓይነቱ ቅዳሜ ነው።

ሁለተኛው ማን ይሁን

አዋሽ ኅዳር 1987 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ነው። በቅርንጫፍ ብዛት ከግሎቹ ከፊት ከሚሰለፉት ነው፤ ስለዚህ ከከተማ ወደ ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ነጋዴ ይመቸዋል። አዋሽ ብር ፕሮ አፑ ሳይኖር በ*901# ይሠራል። ጥሬ ብር በየቀኑ ገቢ የሚያደርግ ባለሱቅ ከሆናችሁና ቅርንጫፉ ቅርብ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ።

ዳሸን ከታኅሣሥ 1988 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን በካርድና በፖስ ማሽን ቀደም ብሎ የገባ ባንክ ነው። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ የሚያወጣውም እርሱ ነው። ሱፐርማርኬትና ሆቴል ውስጥ በካርድ መክፈል ለለመደ ሰው ይሆናል። «ዱቤ አለ» የሚባለው በየወሩ እየከፈሉ ዕቃ የመውሰጃ አገልግሎቱም የቤት ዕቃ ለሚያሟሉ ጥንዶች ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የመጨረሻውን ጠቅላላ ዋጋ በጥሬ ብር ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ሳታወዳድሩ አትፈርሙ።

አቢሲኒያን አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች የዳግማዊ ምኒልክ ባንክ አድርገው ያወሩታል። ስሙን እንጂ ድርጅቱን አልወረሰም፤ የአሁኑ በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመ የግል ባንክ ነው። ጠንካራ ጎኑ ቴክኖሎጂ ላይ ነው። አፖሎ የሚባለው አፑ ቅርንጫፍ ሳይሄዱ ሒሳብ ያስከፍታል። በከተማው የተለያዩ ቦታዎች ደግሞ በቪዲዮ ከሠራተኛ ጋር የሚያገናኙ ማሽኖች ያሏቸው ማዕከላት አሉት፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ጉዳይ ለሚኖረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» በሚለው አሠራሩ ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር ይሰጣል፤ ለአነስተኛ ነጋዴ ከቅርንጫፍ ብዛት በላይ የሚስበው ይህ ነው። ዘመን ባንክ ሲጀምር በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ የሚሠራ፣ ጥቂት ደንበኛን በደንብ ማስተናገድ የመረጠ ባንክ ነበር። አሁን ቅርንጫፍ ቢከፍትም ያ ጠባዩ አልጠፋም፤ መነሻ ተቀማጩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከ2013 ወዲህ የመጡት፣ ማለትም አማራ፣ ፀሐይ፣ አሐዱ፣ ገዳ፣ ስንቄና ሌሎቹ፣ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ወረፋ የለም፣ ሠራተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ይቀበላችኋል። ደስ ይላል። ግን የቅርንጫፍ ሠራተኛ የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ እንዳለበት አትርሱ። ሒሳብ ስትከፍቱ የሚታየው ፈገግታ ካርድ ሲበላሽ የሚሰጠውን አገልግሎት አይነግራችሁም። ለእነዚህ ባንኮች ዋናው ጥያቄ ከቅርንጫፉ ውጭ በራሳቸው ኤቲኤም የምታገኙት የት የት ነው የሚለው ነው።

ባንክ ሳይከፍቱ መፈተን ይቻላል፤ ወጪውም የታክሲ ነው። ያሰባችሁትን ቅርንጫፍ አንዴ ሰኞ ጠዋት፣ አንዴ ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት እዩት። አምስት መስኮት ኖሮት ሁለት ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ያ ልማዱ ነው። ወረፋ ላይ ያለውን ሰው «እዚህ ሲስተም የለም ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። በር ላይ ያለውን ኤቲኤም እሑድ ማታ እዩት። ከዚያ ገና ደንበኛ ሳትሆኑ የጥሪ ማዕከሉን ደውሉ፦ ንግድ ባንክ 951፣ አዋሽ 8980፣ ዳሸን 6333፣ አቢሲኒያ 8397። ሰው እስኪያነሣ ምን ያህል ሙዚቃ እንዳሰማችሁ ልብ በሉ። ካርዳችሁ የጠፋ ቀን የምትጠብቁት ያንኑ ያህል ነው።

ሒሳብ ሲከፈት

ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ግዴታ ሆኗል። የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ይዞ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። የፋይዳ ምዝገባ በነፃ ነው፤ ካርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር 16 አሃዝ ሲሆን፣ በመልእክት የሚላክላችሁ ባለ 12 አሃዙ ቁጥር ደግሞ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። ፋይዳ፣ የሚሠራ ስልክና ጥቂት መቶ ብር ከያዛችሁ ለቁጠባ ሒሳብ በቂ ነው፤ ጉርድ ፎቶ የሚጠይቅ ቅርንጫፍም ስለማይጠፋ ሁለት ያዙ። ቼክ የሚጻፍበት ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ይጠየቃል።

ሦስት ነገሮች እዚህ ላይ ይበላሻሉ። አንደኛው ስም ነው። ስማችሁ በላቲን ፊደል ፋይዳው ላይ እንዴት እንደተጻፈ እዩና ባንኩ ፊደል በፊደል እንዲያው እንዲጽፈው አድርጉ። «ፀጋዬ» እና «ጽጌሬዳ» በላቲን ሲጻፉ ስንት ዓይነት እንደሚሆኑ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት ፊደል ብትለይ ከውጭ አገር በሐዋላ የተላከ ገንዘብ መስኮቱ ላይ ይቆማል፤ ደመወዝ ላኪው መሥሪያ ቤትም «ስሙ አልተመሳሰለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው ሲም ካርድ ነው። በወንድም ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም በወጣ ሲም ሞባይል ባንኪንግ አታስጀምሩ። ስልኩ በጠፋ ቀን ሲሙን ማውጣት የሚችለው ባለስሙ ብቻ ነው፣ ባንኩም በዚያ ቁጥር ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ነው የሚያምነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቀረ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሸጥ ስለሚችል ቁጥር ስትቀይሩ መጀመሪያ ባንክ፣ ከዚያ ዘመድ ይነገረው።

ሦስተኛው መቸኮል ነው። ከቅርንጫፉ ሳትወጡ አፑን አውርዱ፣ በጊዜያዊ ፒን ግቡ፣ ፒኑን ቀይሩ፣ ከዚያ 10 ብር ወደ ሌላው ሒሳባችሁ ላኩ። የላካችሁት ብር ደርሶ፣ የተቀነሰውን የሚነግር መልእክትም ስልካችሁ ላይ ገብቶ ካያችሁ ጨርሳችኋል። መልእክቱ ካልመጣ ቁጥራችሁ በስህተት ተመዝግቧል ማለት ነው፤ እዚያው ይስተካከላል። ቤት ገብተው ቢያገኙት ግን እንደገና ፎርም፣ እንደገና ወረፋ ነው። የኤቲኤም ካርድ በሚወጣበት ቀን ላይም አትመኑ፤ «በሳምንት ውስጥ ይደርሳል» ከተባላችሁ የሚደውልላችሁ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

የባልና ሚስት ወይም የሽርክና የጋራ ሒሳብ ከሆነ ፎርሙ ላይ «እና» ወይስ «ወይም» የሚለው ቃል ሁሉን ይወስናል። «ወይም» ከሆነ እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። «እና» ከሆነ ለእያንዳንዱ ወጪ ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ፤ በአብዛኛውም ሞባይል ባንኪንግ አይፈቀድም። ለዕቁብና ለማኅበር ገንዘብ «እና» ይሻላል፤ ለቤት ወጪ ግን ራስ ምታት ነው።

ወለዱን ተዉት፣ የአገልግሎት ክፍያውን እዩ

ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። ባንኮች ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይለጥፋሉ፤ ደንበኛም በዚያ ይማረካል። ለዕለት ሒሳብ ግን ስሌቱ እንዲህ ነው። በአማካይ 20,000 ብር የምታቆዩ ከሆነ 7 በመቶ በዓመት 1,400 ብር፣ በወር 117 ብር ገደማ ይሆናል፤ ያውም ግብሩ ሳይቀነስ። አሁን ወደ ሌላ ባንክ ስትልኩ በአንድ ጊዜ 10 ብር ትከፍላላችሁ እንበል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት 11 ብር ከ50 ነው። በቀን አንዴ ብቻ የሚልክ ሰው በወር 345 ብር ከፈለ ማለት ነው፤ ከወለዱ ሦስት እጥፍ ገደማ።

ስለዚህ መስኮት ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ በባንኩ ውስጥ ለመላክ ስንት ነው፣ ወደ ሌላ ባንክና ወደ ቴሌብር ስንት ነው፣ ለመልእክት ማሳወቂያ ይቆረጣል ወይ፣ የካርድ ዓመታዊ ክፍያ አለ ወይ፣ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ሲወጣ ስንት ይቀነሳል፣ በቀን በአፕ የሚላከውና በኤቲኤም የሚወጣው ጣሪያ ስንት ነው። ጣሪያው በተለይ ይጠየቅ። የሦስት ወር የቤት ኪራይ በአንዴ የሚከፍል ሰው ጣሪያው የሚገባው አከራዩ በር ላይ ቆሞ እያለ ነው። ብዙ ባንኮች በጽሑፍ ሲጠየቁ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋሉ። ወለዱ የሚሰላው በዕለት ቀሪ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ የሚለውንም ብትጠይቁ አይከፋም፤ በዝቅተኛ ቀሪ ከሆነ ወር ሳይሞላ ሒሳቡን ባዶ የሚያደርግ ደመወዝተኛ ከወለድ የሚያገኘው የለም ማለት ይቻላል።

ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው የዕለት ሒሳቡ ውስጥ አይተወው። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላይ ባንኮች ይደራደራሉ፤ ድርድሩም ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ጋር ነው።

ወደ ሌላ ባንክ ሲላክና ኤቲኤም ሲያስቸግር

ባንኮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ባንኮቹ ራሳቸው ባለአክሲዮን የሆኑበት ኢትስዊች ነው። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም የሚሠራው፣ ከአፕ ወደ ሌላ ባንክ የሚላከውም በእርሱ በኩል ነው። ቁጥሩን ስታስገቡ የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ ስሙን አንብቡት። ወደማይታወቅ ሰው የተላከን ገንዘብ ባንኩ በራሱ ፈቃድ ከዚያ ሰው ሒሳብ ቀንሶ አይመልስላችሁም። ተቀባዩን አግኝቶ ማስማማት አለበት፤ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከላካችሁ በኋላ ስህተቱ ከገባችሁ በዚያችው ሰዓት ወደ ቅርንጫፍ ነው መሄድ፤ ገንዘቡ ካልወጣ ነገሩ ይቀላል።

ከእናንተ ተቀንሶ ያልደረሰ ብር ሲገጥማችሁ ደግማችሁ አትላኩ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዘግይቶ ይገባና ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ትገኛላችሁ። የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዛችሁ ለራሳችሁ ባንክ አመልክቱ፤ የተቀባዩ ባንክ ገንዘቡ ስላልደረሰው ምንም ማየት አይችልም። ለመኪና ወይም ለቤት ግዢ የሚሆን ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ቅርንጫፍ ሄዶ በባንኮች የቀጥታ ክፍያ ሥርዓት ማስተላለፍ ይሻላል፤ ይህ ግን በሥራ ቀንና ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ከበዓል በፊት፣ አትጀምሩት።

ኤቲኤም ላይ በጣም የተለመደው ብልሽት ብሩ ሳይወጣ ከሒሳብ መቀነሱ ነው። ከሁለት አንዱ ይሆናል። ማሽኑ የራሳችሁ ባንክ ከሆነ ባንኩ የማሽኑን ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ይመልሳል፤ ይህ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ ሁለቱ ባንኮች በኢትስዊች በኩል ሒሳብ መተሳሰብ ስላለባቸው ይረዝማል። ስለዚህ ሌላ አማራጭ ካለ ዓርብ ማታ በሌላ ባንክ ማሽን ትልቅ ገንዘብ ከማውጣት ተቆጠቡ። ቢደርስባችሁ የማሽኑን ቦታ፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና ወረቀት ከወጣ ወረቀቱን ያዙ። ማሽኑ ካርድ ከዋጠ ካርዱ ያለው ማሽኑን በሚያስተዳድረው ቅርንጫፍ ነው፤ ሰው «ልርዳህ» ብሎ ከጎናችሁ ከቆመ ግን መጀመሪያ ለጥሪ ማዕከሉ ደውላችሁ ካርዱን አሳግዱ።

«አስገብቻለሁ» ለሚል ገዢ

ይህ ክፍል ለነጋዴዎች ነው። በስክሪንሻት ማጭበርበር በከተማው የተለመደ ሆኗል። ገዢው የተላከበትን ምስል ያሳያል፣ ዕቃውን ይወስዳል፣ ብሩ የለም። ምስሉ ወይ ተሠርቷል ወይ የድሮ ነው። የድሮ መሆኑን በዓይን የምትይዙበት መንገድ አለ። በንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር በላቲኖቹ ኤፍ እና ቲ ይጀምርና በጠቅላላው 12 ፊደልና ቁጥር ነው። ከኤፍ ቲ ቀጥለው ያሉት ሁለት ቁጥሮች የፈረንጅ ዓመት ናቸው፣ ቀጣዮቹ ሦስት ደግሞ የዚያ ዓመት ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። 25 እና 032 ካለ 2025፣ የዓመቱ 32ኛ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 2017። ዛሬ ተላከ የተባለ ገንዘብ ከሦስት ወር በፊት የነበረ ቀን ካሳየ ንግግሩ አብቅቷል።

ቀኑ ትክክል መሆኑ ግን ገንዘቡ መግባቱን አያረጋግጥም፤ ቀኑን የሚያውቅ አጭበርባሪም አለ። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ቀሪውን ማየት። ለአንድ ሱቅ ሁለተኛ ስልክ መድቦ አፑ ሁልጊዜ እንደተከፈተ ማቆየት የሚያስወጣው ወጪ ከአንድ የተሰረቀ ዕቃ አይበልጥም። ወደ ስልካችሁ የገባ መልእክትንም አጣሩ፤ ከባንኩ አጭር መለያ ሳይሆን ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኖልዎታል» የባንክ አይደለም።

ለሌላውም ሰው ቢሆን፣ «ከባንኩ ነው የምንደውለው» ብሎ ፒን ወይም ስልካችሁ ላይ የገባውን ኮድ የሚጠይቅ ሠራተኛ የለም። በባንክ ስም ሽልማት የሚያድሉ የቴሌግራም ቻናሎችም እንዲሁ።

ባንኩ ቢዋሃድስ?

ብሔራዊ ባንክ ሚያዝያ 2013 ባወጣው መመሪያ የባንክ ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አድጓል፤ ለነባሮቹ የተሰጠው ቀነ ገደብ ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው። በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ስለዚህ ትንንሾቹ ባንኮች መዋሃዳቸው የሚጠበቅ ነገር ነው። ባንክ ሲዋሃድ ተቀማጭ አይጠፋም፤ የሚለወጠው የሒሳብ ቁጥር፣ አፕና ካርድ ነው። ቁጥራችሁን ለአሠሪ፣ ለተከራይና ለውጭ አገር ዘመድ አድላችሁ ከሆነ ያ ራሱ ሥራ ነው። የተቀማጭ መድን ፈንድም አለ፤ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ያለው ሰው ገንዘቡን ከአንድ በላይ ባንክ ማስቀመጡ ከብልጠት የሚቆጠር ነው።

ወለድ ለማይፈልግ ሙስሊም ደንበኛ ምርጫው ሁለት ዓይነት ነው። በመደበኛ ባንክ ውስጥ ያለ መስኮት አለ፦ የንግድ ባንክ ኑር፣ የአዋሽ ኢኽላስ፣ የዳሸን ሸሪክ። ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑት ደግሞ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉት ናቸው። መስኮቱ የሚጠቅመው በትልቁ ባንክ ኤቲኤምና ቅርንጫፍ መጠቀም ስለሚቻል ነው፤ ነባር ሒሳባችሁ ግን በራሱ ወደዚያ አይዞርም፣ አዲስ ይከፈታል።

ከውጭ አገር ሆነው ለእናት ወይም ለወንድም ውክልና የሚሰጡ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። «ማንኛውንም ጉዳዬን ይፈጽም» የሚል ውክልና ባንክ ቤት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሒሳብ መክፈት፣ ገንዘብ ማውጣት፣ ኤቲኤምና ሞባይል ባንኪንግ መውሰድ፣ ሒሳብ መዝጋት የሚሉት እያንዳንዳቸው በስም ይጻፉ። ኤምባሲ ያረጋገጠው ሰነድም አዲስ አበባ ላይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ሳይደርስ ባንክ አይቀበለውም።

ከቀድሞው ባንክ ስትወጡ

አዲሱን ስለከፈታችሁ አሮጌውን በማግስቱ አትዝጉ። መጀመሪያ ደመወዛችሁ በአዲሱ በኩል መግባቱን ሁለት ወር እዩ። ከቴሌብር፣ ከራይድና ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር የተያያዘውን ቁጥር ቀይሩ። በአሮጌው ሒሳብ ብድር ወይም የዋስትና ግዴታ ካለ አይዘጋም፤ ያልተከፈለ የካርድ ክፍያም ከቀሪው ይቆረጣል። ለመዝጋት ደብተር፣ ካርድና ፋይዳ ይዛችሁ ማመልከቻ ትጽፋላችሁ፤ የወሩን ወለድ ላለማጣት ወለድ ከተከፈለ በኋላ ያለውን ቀን ምረጡ።

አንድ ነገር ግን ሳትወስዱ አትውጡ፦ ማኅተም የተመታበት የባንክ ስቴትመንት። ኤምባሲዎች ለቪዛ የወራት እንቅስቃሴ ይጠይቃሉ፣ አበዳሪ ባንክም እንዲሁ፤ አዲሱ ባንክ ያለው ደግሞ የጥቂት ሳምንት ታሪክ ብቻ ነው። የአንድ ዓመቱን አሳትሙ። በአንድ ገጽ ስለሚያስከፍሉ ዋጋው እንደ እንቅስቃሴያችሁ ነው፤ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ግን ያንኑ ወረቀት ለማግኘት ከከፈታችሁበት ቅርንጫፍ ሌላ ማመልከቻ መጻፍ ይጠይቃል።